ፕራት፦ ለንግግር ችግር ቴሲስ ዳታ ልትሰበስቡ ለምትወጡ ልጆች

የንግግርና የተግባቦት ችግር ማስተርስ ላይ ያላችሁና ለዳታ ወደ ጎጃም የምትመጡ ልጆች ካላችሁ፣ ፕራትን ሳትይዙ እንዳትመጡ። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲዎቹ ፖል ቡርስማና ዴቪድ ዊኒንክ የሰሩት የድምፅ መመርመሪያ ሶፍትዌር ነው፣ ነፃ ነው፣ ክራክ ፍለጋ ምናምን የለም፣ አንዴ ዳውንሎድ ካደረጋችሁት ኔትዎርክ አይፈልግም፣ ዚፑን ፈትቶ መክፈት ብቻ ነው፣ እኔ በፍላሽ ይዤው ማርቆስም ቢቸናም ባገኘሁት አሮጌ ላፕቶፕ ሰርቼበታለሁ።

መልኩ አያምርም፣ ሲከፈት ሁለት መስኮት ይመጣል፣ የስዕሉን ዝጉት። ግን የሚያሳያችሁ ነገር! ላንቃው ተሰንጥቆ ተወልዶ የተሰፋለት አንድ ልጅ "ጣት" በል ሲባል ጠ ይበል ተ ይበል ጆሮዬ መለየት አቃተው፣ እናቱ ደግሞ "ኧረ በደንብ ብሏል" ትላለች። ፕራት ላይ የድምፁን ምስል አጉልቼ ሳየው ለየ። ጠ ሲሆን አየሩ ፈንድቶ ከወጣ በኋላ አናባቢው እስኪጀምር ትንሽ ፀጥ ያለ ነጭ ቦታ አለ፣ ተ ሲሆን ግን እዛው ቦታ ላይ የትንፋሽ ግራጫ ነው የሚታየው። የልጁ ግራጫ ነበር። አድቫይዘራችሁ ፊት እንዲህ ያለ ምስል ይዞ መቅረብ ትልቅ ነገር ነው።

ፕራት የሰጣችሁትን ነው የሚለካው፣ ስለዚህ ሪኮርዱ ላይ አትስነፉ። በቴሌግራም ቮይስ አስልካችሁ እንዳትለኩ፣ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው። በዋቭ፣ በ44100 ኸርዝ ቅዱ። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለ ቤት ውስጥ ከቀዳችሁ ደግሞ የወፍጮው ጉርምርምታ ከታች በኩል እንደ ጥቁር መቀነት ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ፣ እሱን ማጥራት ከባድ ስለሆነ ወፍጮው እስኪቆም ጠብቁ ወይ ጓሮ ውጡ።

ሴቲንጉን እንዳለ አትጠቀሙ። የፎርማንት (አፍና ጉሮሮ ውስጥ ድምፁ ጎልቶ የሚወጣበት ድግግሞሽ፣ አናባቢን የሚለየው) ጣሪያው 5500 ኸርዝ ላይ ነው ያለው፣ ይሄ ለአዋቂ ሴት ነው፣ ለወንድ 5000፣ ለትንሽ ልጅ እስከ 8000 ይወጣል። ብዙ ተማሪ ደግሞ ጂተር (የድምፅ ንዝረቱ ከዙር ዙር የሚዛነፍበት መጠን) ከ1.040 ፐርሰንት በላይ ከሆነ ድምፁ በሽታ አለበት ብሎ ይፅፋል፣ ቁጥሩ ግን የመጣው ከሌላ ፕሮግራም ነው፣ የፕራት መመሪያ ራሱ ትክክለኛው መጠን ከዛ ሳያንስ አይቀርም ይላል። የሻከረ ድምፅ ላይም የፒች (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት) መስመሩ በእጥፍ ይዘላል ወይ በግማሽ ይወርዳል፣ በአይናችሁ ሳታረጋግጡ ቁጥሩን ወደ ኤክሴል አትገልብጡ።

ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በራሱ ሴቭ ስለማያደርግ ነው፣ ስንት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ቃል በቃል የከፋፈላችሁት ቴክስትግሪድ (እያንዳንዱ ቃል ድምፁ ላይ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚመዘገብበት ፋይል) መብራት ከሄደና ባትሪው ከሞተ አብሮ ይጠፋል። አንድ ቃል በጨረሳችሁ ቁጥር ኮንትሮል ኤስ በሉ።