ዲቢኤስ፦ የድሮ ሪከርድ ላለበት ሰው እንዴት ነው?

እንግሊዝ አገር ከልጆች ጋር ለመሥራት ዲቢኤስ ይጠየቃል፤ የወንጀል ሪከርድ እንዳለብን አጣርቶ ውጤቱን በወረቀት የሚሰጥ የመንግሥት አገልግሎት ነው። ብዙ ያገሬ ልጆች ግን ስሙን ሲሰሙ ብቻ ሥራውን ይተዉታል፤ "እኔ እኮ አንዴ ፖሊስ ይዞኝ ያውቃል" ይላሉ፣ አለቀ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ አስተምራለሁ፣ መዋዕለ ሕፃናትም ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ አገልግሎቱን በደንብ አውቀዋለሁ። ከምንፈራው በላይ ፍትሐዊ ነው።

በሩን ጨርሶ የሚዘጋው ከልጆች ጋር እንዳይሠሩ የታገዱ ሰዎች ዝርዝር ነው። እዚያ ስሙ ያለ ሰው እንዲህ ላለው ሥራ ማመልከቱ ራሱ ወንጀል ነው። የሌላውን ቀጣሪው ነው የሚመዝነው፦ ጥፋቱ ምን ነበር፣ መቼ፣ ከሥራውስ ጋር ምን ያገናኘዋል።

ደግሞም ሁሉም ነገር ወረቀቱ ላይ አይወጣም። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሰርቆ ኮሽን (ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ፖሊስ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ) የተሰጠው አዋቂ 6 ዓመት ካለፈው ኮሽኑ አይታይም። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎት እስር ካልፈረደበት 11 ዓመት፣ ያኔ ከ18 በታች ከነበረ ደግሞ አምስት ዓመት ተኩል ነው። ወሲባዊና ከባድ የኃይል ጥፋቶች፣ እንዲሁም በገደብ የታለፈም ቢሆን የእስር ፍርድ፣ ሁሌም ይወጣሉ። መውጣትም አለባቸው፤ ልጄን ለማን እንደምሰጥ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ያናደደኝ ዲቢኤስ ሳይሆን አንድ ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ነው። ጓደኛዬ የዱሮ ኮሽን እንዳለባት በቅንነት ብትነግራቸው "በከንቱ አትድከሚ" ብለው ሸኟት። ወረቀቱ ላይ እንኳ የማይወጣ ነገር! እንዲህ ጊዜው ያለፈበትን ሪከርድ ቀጣሪ ከግምት ማስገባት አይፈቀድለትም። ሌላ ቦታ አመልክታ አሁን ሕፃናት ክፍል ውስጥ እየሠራች ነው፣ ወላጆቹም ይወዷታል።

ዲቢኤስም ጉድለት አለው። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ዋጋው 49.50 ፓውንድ ገብቷል፣ በነፃ ለሚያገለግል ግን አይከፈልበትም። የውጭ አገር ሪከርድንም አያጣራም፤ ኢትዮጵያ የኖረን ሰው ቀጣሪው ከዚያ ፖሊስ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ አምጣ ሊለው ይችላል፣ እሱ ደግሞ ውክልና መላክ፣ ዘመድ ማስቸገር ነው።

ወረቀቱ ሲወጣላችሁ በ30 ቀን ውስጥ አፕዴት ሰርቪስ ላይ ተመዝገቡ፤ ወረቀታችሁን ወቅታዊ አድርጎ የሚያቆይ የዲቢኤስ አገልግሎት ነው። በዓመት 16 ፓውንድ ነው፣ ሥራ በቀየራችሁ ቁጥር እንደ አዲስ ከመጀመር ያድናል። ሪከርዳችሁ ይውጣ አይውጣ ከተጠራጠራችሁ ናክሮ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በነፃ ያማክራል፤ ሥራውን ከመተዋችሁ በፊት ደውሉላቸው።