ኤስ 195 የእጅ ትራክተር ሞተር፦ ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል ምን ያህል ይታመናል?

ኤስ 195 በባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተር፣ በውሃ መሳቢያና በወፍጮ ላይ የሚገጠም የቻይና ናፍጣ ሞተር ነው። አንድ ሲሊንደር አለው፤ ሲሊንደሩም የተጋደመ ነው። የፒስተኑ ስፋት 95 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ (የፒስተኑ የጉዞ ርዝመት) 115 ሚሊ ሜትር፣ ይዘቱ 815 ሲሲ ሲሆን በደቂቃ 2000 ዙር ላይ 12 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የሚሠሩት ፋብሪካዎች ብዙ ስለሆኑ ጥራቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ንድፉ ግን አንድ በመሆኑ መለዋወጫው አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራዲያተር የሌለው የውሃ ገንዳውም ቀኑን ሙሉ እየተነነ ውሃ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ እንድንታገሠው የሚያደርግ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ሲታመም የት እንዳመመው በድምፁና በጭሱ ይናገራል።

ቁልፍ ከማንሳት በፊት ማዳመጥ ይቀድማል። እንደዚህ ያለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው የሚያቃጥለው። በሚኒሞ፣ ማለትም ሥራ ሳይጫነው በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ በደቂቃ 600 ዙር ላይ ከሆነ በሰከንድ አምስት ጊዜ ይመታል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በጆሮ ይቆጠራል። አልፎ አልፎ፣ ያለ ሥርዓት፣ አንድ ምት የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ ናፍጣው ላይ ነው፤ አየር፣ ውሃ፣ የተዘጋ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ወይም የሚያንጠባጥብ ኖዝል (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ክፍል)። ምት ሳይዘል ዙሩ ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ፣ ያውም እኩል በሆነ ጊዜ፣ ገቨርነሩን፣ ማለትም ናፍጣውን እየጨመረና እየቀነሰ ዙሩን የሚቆጣጠረውን ክፍል፣ ነው መጠርጠር። እነዚህን ሁለቱን ያልለየ ሰው ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኖዝሉ የሚልከውን ደህናውን ፓምፕ ፈትቶ ያበላሻል።

ከናፍጣው መንገድ እንጀምር፤ የሞተሩ ትልቁ ድክመት እዚህ ነው። ሰርባትዮው (የናፍጣ ጋኑ) ከላይ ስለተቀመጠ ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ መጋቢ ፓምፕ የለውም። ይህ አሠራር ቀላልና ርካሽ ነው፣ ነገር ግን መንገዱ ላይ ትንሽ ነገር ከዘጋው ገፍቶ የሚያሳልፍ ኃይል የለም። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ደህና ሠርቶ ሥራ ሲከብደው መንተፋተፍ ከጀመረ በመጀመሪያ የሰርባትዮውን ክዳን ይክፈቱ። ወዲያው ከተሻለው የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል፤ በቀጭን ሽቦ ይጸዳል። ካልተሻለው ቱቦውን ከፓምፑ መግቢያ ላይ ነቅለው ወደ ዕቃ ያፍስሱት። የሚወርደው ሳይቆራረጥ መፍሰስ አለበት። የሚንጠባጠብ ከሆነ ወደ ኋላ እየሄዱ ፊልትሮውን፣ ቧንቧ መክፈቻውን፣ ከዚያም የሰርባትዮውን ወንፊት ይመርምሩ። የወረቀት ፊልትሮ በናፍጣ ታጥቦ አይመለስም፤ ይቀየራል። ብዙ ሰው አጥቦ ይመልሰዋል፣ ቆሻሻው ግን ወደ ውስጠኛው የወረቀቱ ገጽ ያልፍና በቀጥታ ፓምፕ ውስጥ ይገባል።

ውሃ የገባበት ናፍጣ ምቱን ያዘልላል፣ ነጭ ጭስም ያስወጣል። በጄሪካን የተገዛ ናፍጣ አንድ ሌሊት ሳይነካ ይደር፤ ጠዋት ከላይ ያለው ብቻ ይቀዳ፣ ከታች የሚቀረው አይቀዳ። በክረምት ማታ ሰርባትዮውን ሞልቶ ማሳደር ባዶ ቦታው ላይ የሚጠራቀመውን እርጥበት ይቀንሳል።

አየር ከያዘ ማስወጣቱ ከባድ አይደለም። ቧንቧውን ከፍተው የፊልትሮውን መተንፈሻ፣ ቀጥሎ የፓምፑን መግቢያ ቡሎን ላላ ያድርጉ፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ ያጥብቁ። ከዚያ የከፍተኛ ግፊቱን ቧንቧ ዳዶ (ማሰሪያ ብሎን) ኖዝሉ ጋ ያላሉ፣ የጋዝ ሌቫውን (ናፍጣ መስጫውን) ይክፈቱ፣ መጭመቂያውን የሚያቀልለውን ሌቫ ይዘው በማኖቬላ (በእጅ ማስነሻው) ያዙሩ። ናፍጣው ተቆራርጦ ሲረጭ ዳዶውን አጥብቀው እንደገና ያዙሩት፤ ኖዝሉ በእያንዳንዱ ምት ጥርት ያለ የመቆራረጥ ድምፅ ማሰማት አለበት። ድምፁ ከሌለ ወይ አየር ቀርቷል፣ ወይ ኖዝሉ ያንጠባጥባል። አየሩ በየቀኑ ከተመለሰ በመጋጠሚያዎቹ መካከል የሚገቡትን የመዳብ ሮንዴላዎች (ቀለበቶች) ይመልከቱ። አንዴ የተጨመቀ መዳብ ይደርቃል፤ እሳት ላይ ቀይ እስኪሆን አሙቆ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይለሰልስና እንደገና ያሽጋል። መጋጠሚያው ላይ ክር ወይም ላስቲክ መጠቅለል ግን የባሰ ነው፤ ብጣሹ ኖዝሉን ይደፍናል።

ኖዝሉን ለመፈተን ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ራስ) ነቅሎ፣ ከቧንቧው ጋር ወደ ውጭ አዙሮ አስሮ፣ ሞተሩን በእጅ ማዞር ይበቃል። የሚረጨው ጭጋግ የመሰለ፣ የታመቀ ሾጣጣ መሆን አለበት፤ ሲያበቃም ጫፉ ላይ ጠብታ መቅረት የለበትም። እጅ ከፊቱ አይጠጋ፤ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ናፍጣውን ሥጋ ውስጥ ያስገባል፣ ይህም ቶሎ ሐኪም የሚያስፈልገው ጉዳት ነው። የሚከፈትበት ግፊት ወደ 130 ባር ነው። አዲስ ሲገዙ ተጠንቀቁ፦ ኤስ 195 ባለ መርፌ፣ አንድ ቀዳዳ ኖዝል ነው የሚፈልገው። ዜድ ኤስ 195 የተባለው ወንድሙ ግን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጭ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ኖዝል ይጠቀማል፤ ግፊቱም ከፍ ያለ ነው። ሻጩ «ያው 195 ነው» ብሎ ቢሰጥዎ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይንገጫገጫል።

ገቨርነሩ በሴንትሪፉጋል ኃይል የሚንቀሳቀሱ የብረት ኳሶች ያሉት፣ ቀላል ነገር ነው። ዙሩ ከፍ ዝቅ የሚለው ኳሶቹ የሚቀመጡበት ሲቦረቦር፣ ሞላው (ስፕሪንጉ) ሲላላ፣ መጋጠሚያዎቹ ሲሰፉ ወይም የፓምፑ ማዞሪያ ክንድ በደረቀ ናፍጣ ሲጣበቅ ነው። ከሁሉም የሚቀልለው የመጨረሻው ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይሞክሩ፦ ክንዱ በጣት ሲነካ ያለ መያዝ ወዲያና ወዲህ መሄድ አለበት። ሞላውን ቆርጦ ማሳጠር በገበያ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ዙሩን ከመስመር ያወጣዋል እንጂ አያድነውም።

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራው ነገር። ፓምፑ ወጥቶ ሲመለስ የክንዱ ኳስ ከገቨርነሩ ሹካ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ አለበት። ካልገባ ገቨርነሩ ናፍጣውን መቀነስ አይችልም፤ ሞተሩ እንደተነሳ ዙሩ ያለ ገደብ ይወጣል። ፓምፑን ከማጥበቅ በፊት ኳሱ ሹካው ውስጥ መሆኑን በዓይን ያረጋግጡ፤ የጋዝ ሌቫው ሲንቀሳቀስ ክንዱ አብሮ መሄድ አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሱም የከፍተኛ ግፊቱን ዳዶ የሚፈታ ቁልፍ በእጅ ይዞ የሚቆም ሰው ይኑር፤ የአየር መግቢያውንም የሚደፍን ወፍራም ጨርቅ ይዘጋጅ። የሰርባትዮውን ቧንቧ መዝጋት ብቻ አያድንም፤ መስመሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ እስኪያልቅ ይቆያል። ሞተሩ ያለ ናፍጣም ሊያመልጥ ይችላል፦ የአየር ማጽጃው ዘይት ከምልክቱ በላይ ከተሞላ ዘይቱን ስቦ ያቃጥለዋል፤ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል።

በፓምፑ ሥር ያሉት ስስ ንጣፎች የመርጫ ሰዓቱን ይወስናሉ። ንጣፍ ሲጨመር ይዘገያል፣ ሲቀነስ ይቀድማል። ትክክለኛው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ነው፤ በቮላኖው (በከባዱ የሞተር ጎማ) ጠርዝ የተቀረጸው ምልክት ይረዳል። ሲፈቱ የነበሩትን ሁሉ በቁጥራቸው ይመልሱ። አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው ቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለመግቢያው 0.35፣ ለመውጫው 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ጠቦ ከሆነ ሞተሩ ሲሞቅ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ምቱም ይዳከማል።

ስለ ደጋ አንድ ነገር፦ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ 12 ፈረስ ተብሎ የተሸጠው ሞተር 12 አይሰጥም። በከባድ እርሻ ላይ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ማረሻውን ማሳነስ እንጂ ፓምፑን መንካት አያስፈልግም። በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ጭስና መንገጫገጭም እንደ ሕመም አይቆጠርም፤ ገንዳው ውስጥ ሙቅ ውሃ ቢጨመር ቶሎ ይተወዋል።

በአጠቃቀም የተገኘው ፍርድ ይህ ነው፦ ሞተሩ ይገዛ፣ አብሮት የሚመጣው የናፍጣ ቱቦና ፊልትሮ ግን አይታመን። ሁለቱንም ከመጀመሪያው እርሻ በፊት በተሻለ መቀየር ያዋጣል። መለዋወጫ ሲገዙ ደግሞ ሁለት ፊልትሮ፣ አንድ የተሟላ ኖዝል፣ የመዳብ ሮንዴላ ስብስብና አንድ ሜትር ናፍጣ የሚችል ቱቦ አብረው ይግዙ። የፓምፕ መርፌና እጀታው ጥንድ ሆነው አንዱ ለሌላው ተለክተው የተሠሩ ስለሆኑ ለየብቻ የሚሸጥ ካለ አይቀበሉ።