ኦፕራሲዮን የሚጠብቃቸው አባት ወይም እናት ያላችሁ የድሬና የሐረር ሰዎች፣ መጀመሪያ ይህቺ የማደንዘዣ ባለሙያ ዘንድ ውሰዷቸው

የሳቢያኑ ጎረቤታችን አባባ የፕሮስቴት ኦፕራሲዮናቸውን ጨርሰው በሰላም ቤታቸው ገብተዋል። ቀዶ ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ ይመስገን። ልባቸውን የጠበቀችው ግን የማደንዘዣ ባለሙያዋ ናት። ስሜ አይጻፍ ስላለች አልጻፍኩም፤ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ።

ቀድሞ የሄዱበትን ቦታ ስም አልጠራም። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሳ፣ «ንጹህ ነው፣ ይግቡ» ተባለ፣ አለቀ። ጋደም ብለው የተነሱት ኢሲጂ ንጹህ ሆኖ የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ሰው ሞልቷል። ክሬቲኒናቸው (የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየው የደም ምርመራ) የታየው ከወራት በፊት ነው፤ ስለሚወስዱት መድኃኒትም የጠየቀ የለም። ይባስ ብሎ የልብ ምታቸው ፈጠን ስላለ «እንዲረጋጋ» ተብሎ በኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋት ሜቶፕሮሎል (የልብ ምትን የሚያዘገይ፣ ቤታ ብሎከር የሚባል ዓይነት መድኃኒት) ሊጀመርላቸው ነበር። ፖይዝ የተባለው ትልቅ ጥናት እኮ በ2008 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው! በዕለቱ የተጀመረ ሜቶፕሮሎል የልብ ጥቃትን ይቀንሳል፣ ግን ስትሮክና ሞትን ይጨምራል። ደግነቱ ያን ቀን መብራት ጠፋና ተራቸው ተላለፈ።

እሷ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የጠየቀችው «አባባ፣ ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ ይወጣሉ?» ብላ ነው። ከዚያ በኦፕራሲዮን ጊዜ ለልብ የሚያሰጉትን አንድ በአንድ አየች፦ የልብ ደም ሥር ሕመም፣ የልብ ድካም፣ ስትሮክ፣ ኢንሱሊን፣ ክሬቲኒን ከ2 በላይ መሆን፣ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ሆድ ወይም ደረት የሚከፍት እንደሆነ። አባባ ኢንሱሊን ይወስዳሉ፤ ክሬቲኒናቸው በአዲስ ምርመራ 1.6 ሆነ፣ 2 አልደረሰም። በዚህ ላይ ዕድሜያቸውና የደም ግፊታቸው አለ።

ቀጥላ ልጆቻቸውን «እስቲ ወጣ በሉ» አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በርጫው በየቀኑ ነው? መጨረሻ የቃሙት መቼ ነው?» አለቻቸው። ቁጣ የለ፣ ስብከት የለ። ሽማግሌው ልጆቻቸው ፊት የማይሉትን እውነት ነገሯት። ጫት የልብ ምትና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የልብን ደም ሥር ሊያጠብ ይችላል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ድሬ ላይ ይህን ሳይጠይቁ ማደንዘዣ መስጠት ዓይንን ጨፍኖ መንዳት ነው። ለዚህ አንድ ጥያቄዋ ብቻ እንኳ እድሜ ይስጣት።

የግፊት መድኃኒታቸውን ኤናላፕሪልን ከ24 ሰዓት በፊት አስቆመች፤ ተወስዶ ከተገባ ማደንዘዣ ሲሰጥ ግፊቱ ይወርዳል፣ ለመመለስም ያስቸግራል። የኮሌስትሮል መድኃኒታቸው ስታቲን አልተቋረጠም። (ቤታ ብሎከር ቀድሞም የሚወስድ ሰው በድንገት አያቁም፤ ችግሩ በዕለቱ አዲስ መጀመር ነው።) ስኳር ስላለባቸው የመጀመሪያ ተራ አስያዘችላቸው። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውሃ እንዳትቀምስ» የሚባለውንም አልተቀበለችም፤ ሌላ ምክንያት ከሌለ ንጹህ ውሃ ማደንዘዣው ሊሰጥ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይጠጣል። በድሬ ሙቀት ደርቆ የገባ ሽማግሌ ወገቡ ላይ ሲወጋ ግፊቱ ቁልቁል ነው።

«ከወገብ በታች የሚሰጥ ማደንዘዣ ለልብ አያሰጋም» የሚባለውን አትመኑ። የሚጎዳው ግፊቱ ወርዶ መቆየቱ፣ የልብ ምቱ መፍጠኑ፣ ደም ማነሱና ብርድ የሚያመጣው መንቀጥቀጥ ነው፤ ልብ ኦክስጅን በብዛት ሲፈልግ የሚደርሰው ያንሳል። እሷ የያዘችው መስመር አማካይ ግፊት ከ65 እንዳይወርድ ነው። 90 በ50 ሲነበብ ብዙዎች «ደህና ነው» ይላሉ፤ አማካዩ ግን (ሲሰላ የታችኛው ቁጥር ሁለት ጊዜ ስለሚቆጠር) 63 ነው። ማሽኑን በየ3 ደቂቃው እንዲለካ አደረገች፣ ፈሳሹን አሞቀች፣ ለሳቸው የሚስማማ ደም ተመርምሮ ዝግጁ ካልሆነ አልጀምርም አለች።

ከወጡ በኋላም አልተወቻቸውም። ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ከኦፕራሲዮኑ በፊት፣ በ24 ሰዓትና በ48 ሰዓት አሠራች። የበፊቱ ለምን? ኩላሊቱ የደከመ ሰው ትሮፖኒኑ ድሮም ከፍ ሊል ይችላል፤ መነሻው ካልታወቀ አዲስ ጉዳት ይሁን የቆየ አይለይም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ቪዥን ጥናት ዕድሜያቸው 45ና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ከ15,000 በላይ ታካሚዎችን አይቶ 8 በመቶው ላይ የልብ ጉዳት አገኘ። ከነዚህ ከ10 ሰው 8ቱ ምንም የልብ ምልክት አልነበራቸውም፤ ማስታገሻው ይሸፍነዋላ። ከ10 አንድ የሚሆኑት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል። «ደረቴን አላመመኝም» ስላሉ ብቻ መተው የሚያመጣው እንግዲህ ይኸው ነው። የአባባ ትሮፖኒን ከመነሻው አልተንቀሳቀሰም፣ ተመስገን።

እባካችሁ ውሰዷቸው። ከሐረር የምትመጡ ቀዶ ጥገናው ከመድረሱ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ኑ፤ የሚቆም መድኃኒት ካለ ጊዜ ይፈልጋል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ኑ። የልብ ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) የገባላቸው ከሆነ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አትርሱ፤ አስቸኳይ ካልሆነ ቀጠሮውን ልትገፋው ትችላለች፣ አትከራከሯት።