ተርሚኔተር፦ ስድስት ፊልምና ሁለት ተከታታይ፣ የቱ ይታይ የቱ ይዘለል

ተርሚኔተርን ከአንድ ጀምሬ እስከ ስድስት በቅደም ተከተል ልውረድ የሚል ሰው ሦስተኛው ላይ መሰላቸት ይጀምራል፣ አራተኛው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ፊልሞቹ የወጡት በ1984፣ በ1991፣ በ2003፣ በ2009፣ በ2015 እና በ2019 ነው፤ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በላዩ ላይ ሁለት ተከታታዮች አሉ። ታሪኩ ባጭሩ፦ ስካይኔት የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት የሰውን ልጅ ለማጥፋት ይነሣል፤ የሰዎቹ መሪ የሚሆነውን ጆን ኮነርን ወይም እናቱን ሳራን ለመግደል ተርሚኔተር የሚባል ማሽን ከወደፊቱ ይልካል፣ ሰዎቹም ጠባቂ ይልካሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች የግድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ከቀሩት አራት ፊልሞች ተከታታዮቹ ይሻላሉ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በኮምፒውተር ምስል ላይ ያላክካል። ዋናው ችግር ሌላ ነው፦ ከሦስተኛው ጀምሮ ማሽኑ የማይችለው ነገር እየጠፋ ሄደ።

የመጀመሪያውን ጄምስ ካሜሮን የሠራው በ6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ፊልም ትንሽ ገንዘብ ነው። ፊልሙን ያዳነው አንድ ሕግ ነው። በጊዜ የሚያልፈው ሕያው ሥጋ ብቻ ነው፣ ብረት የሚያልፈውም በሥጋ ከተሸፈነ ነው። ስለዚህ ገዳዩም ጠባቂውም ራቁታቸውን ይመጣሉ፣ የወደፊቱን መሣሪያ ይዘው መምጣት አይችሉም፣ የሚዋጉትም ከሎስ አንጀለስ ሱቅ በተዘረፈ ጠመንጃና በተሰረቀ መኪና ነው። ሕጉ ለታሪኩም ለበጀቱም ሠርቷል። ጉድለቱ ዛሬ በደንብ ይታያል። ማሽኑ በመስታወት ፊት ዓይኑን የሚያወጣበት ቦታ ላይ ጭንቅላቱ አሻንጉሊት መሆኑ በግልጽ ያስታውቃል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው የብረት አጽም ግን፣ በፍሬም በፍሬም ተቀርጾ ቢንቀጠቀጥም፣ ከነዳጅ ቦቴው ፍንዳታ ያመለጠና የሚያነክስ ስለሆነ መንቀጥቀጡ ራሱ ያምርበታል። ኮምፒውተር የሚወድ ሰው ደግሞ በማሽኑ ቀይ ዕይታ ላይ የሚንሸራተተውን ጽሑፍ አቁሞ ይመልከት፤ በአፕል ሁለት ኮምፒውተር ውስጥ ለነበረው ለ6502 ፕሮሰሰር የተጻፈ ኮድ ነው። ከ2029 ለመጣ ገዳይ ትንሽ ያረጀ ይመስላል።

ስለ ድምፁ አንድ ምክር። በኋላ ለ5.1 (ከዙሪያ ለሚመጣ ድምፅ) እንደገና የተቀናበረው ድምፅ የጠመንጃዎቹን ተኩስ ለውጦታል። ዲስኩ የመጀመሪያውን ሞኖ ድምፅ ከያዘ እሱን ምረጡ።

ሁለተኛው ፊልም ሰፋ ያለ ጊዜ ይገባዋል። ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ኮሪደር እንያት። ፊልሙ እስከዚህች ደቂቃ ድረስ ልጁን፣ ጆንን፣ ሊገድል የመጣው የትኛው እንደሆነ አልነገረንም። በአንድ በኩል ጥቁር ቆዳ የለበሰው ሽዋዚንገር፣ የመጀመሪያው ፊልም ገዳይ፣ የጽጌረዳ ካርቶን ታቅፎ ይመጣል፣ በሌላ በኩል ንጹሕና ትሑት ፖሊስ። ካርቶኑ ሲከፈት ሾትገን ይወጣል፣ አበባው መሬት ላይ ይወድቃል፣ ቡቱ ይረግጠዋል። ልጁን ዝቅ በል ይለዋል፣ ዞሮ በጀርባው የፖሊሱን ጥይት ይቀበልለታል፣ ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። ፖሊሱ ደረት ላይ የሚከፈቱት ብርማ ጉድጓዶች በልዩ ኢፌክት ባለሙያው በስታን ዊንስተን ቡድን ከላስቲክ የተሠሩ፣ ከዩኒፎርሙ ሥር በሞላ የሚፈነዱ አበባ መሰል ነገሮች ናቸው። በኮምፒውተር የተሠራው ከጠቅላላው ፊልም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የሚያሳዝነው፣ በጊዜው ማስታወቂያው ራሱ ሽዋዚንገር ጠባቂ መሆኑን አውጥቶታል። ይህን ፊልም አይቶ ለማያውቅ ሰው ስታሳዩ ትሬለሩን አታስቀድሙ።

ፖሊስ መስሎ የመጣው ከፈሳሽ ብረት የተሠራ ማሽን፣ ቲ-1000፣ ምን እንደሚችል ተራው ተመልካች ከአንድ ውይይት ይረዳል። በቁመት እኩያው የሆነውን፣ የነካውን ነገር ይመስላል። ጠመንጃና ቦምብ ግን መሆን አይችልም፤ እነሱ ኬሚካልና ተንቀሳቃሽ ክፍል አላቸው። የሚችለው ቢላዋና የሚወጋ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይህን ይጠብቃል፦ መኪና መሆን ስለማይችል መኪና ይቀማል፣ ሄሊኮፕተርም እንዲሁ። ያ ሄሊኮፕተር በድልድይ ሥር ሲያልፍ የምታዩት እውነተኛ ነው፣ አብራሪ ገብቶበት አልፏል። ፈሳሽ ብረት ሥጋ ሳይኖረው በጊዜ እንዴት አለፈ የሚል ካለ፣ ልክ ነው፣ ፊልሙ መልስ የለውም። እንዲህ ለሠራ ሰው አንድ ቀዳዳ ይታለፍለታል።

አክተር አይሞትም የሚለው የቪዲዮ ቤት ሕግም እዚህ ይሰበራል፣ እሱም በሕግ። ሽዋዚንገር መጥፋት አለብኝ ይላል፣ ነገር ግን ራሱን እንዲያጠፋ አልተሠራም። ወደ ቀለጠው ብረት የሚያወርደውን ቁልፍ የምትጫነው ሳራ ናት፤ ፊልሙን ሙሉ ልታምነው ያልቻለችው ሴት።

የትኛውን ቅጂ? ሲኒማ ቤት የታየው 137 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን። በሁለተኛው ስፔሻል ኤዲሽኑን፣ ወደ ሩብ ሰዓት የሚጠጋ ይጨምራል። ከተጨመሩት ሁለቱ ይጠቅማሉ። አንዱ የማሽኑን ቺፕ ከጭንቅላቱ የሚያወጡበት ነው። ስካይኔት ብቻቸውን የሚልካቸውን ማሽኖች መማር እንዳይችሉ ቆልፎ እንደሚልካቸው እዚህ ይታወቃል፣ ስለዚህ በኋላ ሰው ሰው የሚሸትበት ምክንያት ያገኛል። በመስታወቱ ፊትና ውስጥ ከሚታዩት ሁለት ሳራዎች አንዷ የተዋናይቷ የሊንዳ ሃሚልተን መንታ እህት ናት፣ መስታወት የለም። ሌላው ቲ-1000 ቀዝቅዞ ከተሰበረ በኋላ የሚበላሽበት ነው፦ እጁ የያዘውን ብረት ቢጫና ጥቁር መስመር ሳያስበው ይይዛል፣ እግሩ ወለሉ ላይ ይለጠፋል። በ2017 ከወጣው ባለ 4ኬ ዲስክ ግን ራቁ። የፊልሙን ሸካራነት በኮምፒውተር ስላጸዱት ፊት ሁሉ ሰም መስሏል። ለማረጋገጥ የሳራን ፊት በሆስፒታሉ ውስጥ በቅርብ ተመልከቱ፤ ቆዳው ለስላሳ ፕላስቲክ ከመሰለ ያው ነው። የድሮው ብሉሬይ ይሻላል።

ሦስተኛው ላይ የመጣችው ሴት ማሽን ቲ-ኤክስ ፈሳሽ ብረት ከላይ፣ አጽም ከውስጥ፣ ክንዷ ውስጥ መሣሪያ፣ በዚያ ላይ ሌሎች መኪናዎችን ታዛለች። ሁሉንም ከቻለች ምኗን እንጠብቅ? ክፍል ሁለት በስንት መከራ ያስቀረውን ጥፋትም አልቀረም፣ ተራዝሞ ነበር ብሎ አጠፋው። ሁለት ነገር ግን አለው፦ ጎዳናውን እየጠረገ የሚሄደው ክሬን በእውነተኛ ከባድ መኪና የተቀረጸ ነው፤ መጨረሻውም ደፋር ነው። ጀግኖቹ ስካይኔትን ሊያጠፉ ተራራ ሥር ወዳለ ምሽግ ይገባሉ፣ የሚያገኙት አቧራ የለበሰ የድሮ መጠለያ ነው። የሚነቀል ሶኬት የለም።

የ2009ኙ ወደ ጦርነቱ ዘመን ሄዶ የጊዜ ጉዞን ተወ፣ ሐሳቡ አይከፋም። ግን ስካይኔት ካይል ሪስ፣ የጆን አባት የሚሆነው ሰው፣ ማን እንደሆነ እያወቀ ይዞት ለወጥመድ ያስቀምጠዋል። ግደለውና አብቃ እንጂ! የ2015ቱ ትሬለሩ ውስጥ ዋናውን ምስጢር፣ ጆን ኮነር ራሱ ማሽን መሆኑን፣ ዘርግፎት ወጣ። የሚታይለት ያረጀው ሽዋዚንገር የ1984ቱን ወጣት ራሱን የሚገጥምበት ጥቂት ደቂቃ ነው።

የ2019ኙ ገና ሲጀመር ጆንን ይገድለዋል፣ ብዙ ወዳጅ ያጣውም በዚያ ነው። ከአራቱ የተሻለች ሐሳብ ያለውም ግን እሱ ነው። ግሬስ ግማሽ ማሽን የሆነች ወታደር ናት፦ ለአጭር ጊዜ እንደ አውሬ ትዋጋለች፣ ከዚያ ሰውነቷ ነዶ ያልቅና ትወድቃለች፣ ፋርማሲ ገብተው መድኃኒት ካልዘረፉላት ትሞታለች። ሕግ ማለት ይህ ነው። ያሳዝናል፣ ከአውሮፕላኑ ጀምሮ ያለው አብዛኛው በጨለማና በውኃ ውስጥ ስለሆነ ማን ማንን እንደሚመታ አይለይም።

ተከታታዮቹ። የሳራ ኮነር ታሪክ ከ2008 እስከ 2009 የታየ፣ ሊና ሄዲ የተጫወተችበት፣ 9 እና 22 ክፍል ያለው ባለ ሁለት ምዕራፍ ነው። ለቴሌቪዥን ስለሆነ ገንዘብ የለውም፣ ስለዚህ ብልሃት ፈለገ። የምዕራፍ አንድ መዝጊያ ላይ የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊሶች (ኤፍቢአይ) አንዱን ማሽን ለመያዝ ክፍሉን ይወርራሉ፣ ካሜራው ግን መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። የጆኒ ካሽ ዘፈን እየተሰማ አስከሬን በአስከሬን ላይ ወደ ውኃው ሲወድቅ ከሥር እናያለን፤ ማሽኑ ሲመታ የምናየው ጥቂት ነው። ምዕራፍ ሁለት መሐሉ ላይ ይንዛዛል፣ ሳራ ሦስት ነጥብ ስትፈልግ ክፍሎች ያልቃሉ። መጨረሻው ደግሞ ተሰርዞ ስለቀረ ጥያቄ ላይ ይቆማል፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ተርሚኔተር ዜሮ በ2024 በኔትፍሊክስ የወጣ ባለ 8 ክፍል የጃፓን አኒሜ ነው፣ ታሪኩም በ1997 ቶኪዮ ውስጥ ነው። ጃፓን ውስጥ ጠመንጃ እንደ ልብ አይገኝምና ገዳዩ ቀስት ይሠራል። ሁለተኛ ምዕራፍ አልተሰጠውም፣ ሆኖም ታሪኩ ብቻውን ይቆማል። ጊዜ ያነሰው ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊልሞች፣ ከዚያ በቀጥታ ይህን ይይ፤ ጊዜ ያለው የሳራን 9 ክፍሎች መሐል ላይ ያስገባ።