ፖሊስን ከመያዙ በፊት እንገድበው ወይስ ከያዘ በኋላ?

የፖሊስን ሰው የመያዝ ሥልጣን እንገድብ ሲባል ሁለት ሐሳብ ይነሣል። አንደኛው መግቢያው ላይ መገደብ ነው፤ እጅ ከፍንጅ ካልሆነ በቀር ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ማንም አይያዝ። ሁለተኛው፣ ፖሊስ በበቂ ጥርጣሬ መያዝ ይችላል፣ ግን ጣቢያ የሚያቆይበት ጊዜ ይቆረጥ።

የመጀመሪያው ደስ ይላል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ያለ ትዕዛዝ የሚይዝባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፣ "ጠርጥሬ ነው" ካለ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ ማን ይከራከረዋል? ግን ሚስቱን ደብድቦ የሚሸሽ ሰው ዳኛ እስኪፈርም አይጠብቅም።

ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ከተያዙ በኋላ ያለው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ጥሩ። ከዚያስ? የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 አንድ ጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ሰውየው ታስሮ እንዲቆይ ፍርድ ቤት የሚፈቅደው ጊዜ) ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አይናገርም፤ ስለዚህ "ምርመራ አልጨረስንም" እየተባለ 14 ቀን በ14 ቀን ላይ ሲደረብ ሰውየው ክስ እንኳ ሳይመሠረትበት ወራት ይቆጥራል፣ ሥራው ይሄዳል፣ የቤት ኪራይ ይከመራል፣ ቤተሰብ ምግብ ይዞ ጣቢያ ይመላለሳል። የሚገርመው፣ ብዙ የተተቸው የ2001 የፀረ ሽብር አዋጅ እንኳ (እያንዳንዱ ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን ቢሆንም) ጠቅላላው ከ4 ወር አይለፍ ብሎ ነበር።

ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጠቅላላ ጣሪያ ይቀመጥ፤ ካለፈ ሰውየው በዋስ ይውጣ። ዳኛ ዋስትና ፈቅዶ ጣቢያው አልለቅም ካለ ደግሞ ኃላፊው በግሉ ይጠየቅ።