ኮምቦልቻ መውጫ ላይ ያለችው ጋራዥና የኩላንት ነገር

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት የወጣ ያውቀዋል፤ ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ 2,500 አካባቢ ትደርሳላችሁ፣ ደካማ ሞተር እዚያ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። መውጫው ላይ ያለችውን ትንሽ ጋራዥ የምወዳት ለዚህ ነው። ልጁ ሞተሩ ትኩስ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ንክች አያደርግም። «አብሽር፣ ሻይ ጠጣና ና» ይልሃል። የቸኮለ ሰው ይበሳጫል፣ ግን ልክ ነው፤ ታፍኖ የፈላው ውሃ ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው። ሲቀዘቅዝ የኩላንቱን (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹን) የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ያያል፣ ደረጃው በታችኛውና በላይኛው ምልክት መሃል ከሆነ አይጨምርም፣ ብርም አይጠይቅም። ከጎደለም ቀለም አይቶ ዝም ብሎ አይሞላም፣ መኪናው የሚፈልገውን ዓይነት ያጣራል (አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም!)። ያልተበረዘውን ኩላንት ከተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅላል። የቧንቧ ውሃ ብቻ የምትሞሉ ሰዎች ግን ተዉ፣ ዝገት ያመጣል፣ ለዚያውም ደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ሳይሞላው ይፈላል። ቶሎ ቶሎ የሚጎድልባችሁ ከሆነ ቱቦውንና የውሃ ፓምፑን አስፈትሹት፣ እሱም ሳትነግሩት ያየዋል። ቅር ያለኝ ዋጋ አለመለጠፉ ነው፣ መጠበቂያ ጥላም የለውም።