ስታርሊንክ ሚኒ በካኩማ፦ ከዲሹ በፊት ባትሪውን አስቡ

ናይሮቢ መሐል የፋይበር ኢንተርኔት አስገብቶ ለሚኖር ሰው ስታርሊንክ፣ የስፔስኤክስ ኩባንያ የሳተላይት ኢንተርኔት፣ ከብዙ አማራጮች አንዱ ነው። ካኩማ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ በቱርካና ካውንቲ፣ ከሎድዋር አልፎ የሚገኘው ይህ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመው ትልቅ የስደተኞች መጠለያ ጋር ጎን ለጎን የሚኖር ሲሆን፣ እዚያ የሰፈሩት ኢትዮጵያውያንም የራሳቸው ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ቡና ቤት አላቸው። ይህ ግምገማ የተጻፈው ከእነዚህ ምግብ ቤቶች በአንዱ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተተከለውን ስታርሊንክ ሚኒ፣ ማለትም የአገልግሎቱን አነስተኛ ዲሽ፣ መሠረት በማድረግ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለእንዲህ ያለ ቦታ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ዕቃ ነው፤ ይህን የምለው ግን ወጪውን በጋራ ለሚሸከሙና ከዲሹ በፊት ስለ ኤሌክትሪኩ ለሚያስቡ ሰዎች ነው።

በእርዳታ ድርጅቶች ቢሮ የሠሩ ሰዎች የቀድሞውን የሳተላይት ኢንተርኔት፣ ቪሳት የሚባለውን፣ አይረሱትም። የቪሳት ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም እንዲሁ ወጥቶ እስኪወርድ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በስልክ ሲነጋገሩ ሁለቱም ወገኖች እኩል ጀምረው እኩል ዝም የሚሉትም በዚህ ምክንያት ነበር። የስታርሊንክ ሳተላይቶች የሚዞሩት በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ ይህ ችግር በአብዛኛው ቀርቷል። ዝቅ ብሎ መዞር ግን የራሱ ዋጋ አለው፤ አንድ ሳተላይት ከአንድ ቦታ በላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል እጅግ ብዙ ሳተላይት ያስፈልጋል። ስፔስኤክስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የመጀመሪያዎቹን 60 በአንድ ሮኬት አምጥቆ ዛሬ ብዙ ሺህ ያደረሳቸውም ለዚህ ነው። የሚዞሩበት መስመር (ምህዋራቸው) አብዛኛውን ጊዜ ከምድር ወገብ ወደ 53 ዲግሪ ያዘነበለ በመሆኑ ሳተላይቶቹ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ ሲታጨቁ በምድር ወገብ አካባቢ ይሳሳሉ፤ ለካኩማ ተጠቃሚ ይህ ብዙም አይሰማውም፣ ያለውን የሚሻማው ሰው ጥቂት ነውና። ናይሮቢና አጎራባች ካውንቲዎች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 አቅማቸው ሞልቶ ለአዲስ ደንበኛ ሽያጭ ሲቆም፣ ርቀው ያሉት አካባቢዎች ክፍት ሆነው የቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ለቪዲዮ ጥሪ ትልቁ ለውጥ የመጣው ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ናይሮቢ ላይ የራሱን የመገናኛ ነጥብ ከከፈተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የኬንያ ተጠቃሚ መረጃ ወደ ኢንተርኔት የሚገባው ከአገር ውጭ ነበር፤ ናይሮቢ ያለ ድረ ገጽ ለመክፈት እንኳ ሌላ አገር ደርሶ መመለስ ግድ ይል ነበር። አሁን ምግብ ቤቱ ውስጥ ምሽት ላይ ሚኒሶታ ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ የሚያወሩ አባት ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ከልማድ የተነሳ ግን አሁንም ይጮኻሉ።

ተከላው ቀላል ነው። የስታርሊንክ መተግበሪያ በስልክ ካሜራ ሰማዩን እንዲያሳዩት ይጠይቅና ዛፍ ወይም ግድግዳ የሚጋርደውን አቅጣጫ ለይቶ ይነግራል። ግራር ካለበት ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ማለት ነው፤ በቱርካና ሜዳ የሰማይ እጥረት የለም። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ቦታ ዲሹ ወደ ላይ ተንጋሎ ሊተኛ ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ አቧራው እንደ ጤፍ ዱቄት ይለብሰዋል፣ ወፍም ያርፍበታል፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ከሳምንታዊ ሥራ ይቆጠራል። ዝናብ ሲከብድ ምልክቱ መዳከሙ ሳተላይቱ የሚጠቀምበት ሞገድ ባሕርይ ነው፤ እዚህ ግን ከዝናቡ ይልቅ ሙቀቱ ያሳስባል። አምራቹ የሚፈቅደው እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ እኩለ ቀን ላይ የጋለ ቆርቆሮ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ለዚያ ወሰን መቅረብ ነው። ከጣሪያው ከፍ ባለ የብረት ምሰሶ ላይ፣ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ አድርጎ ማሰር ይሻላል።

ዋናው ጉዳይ ኤሌክትሪኩ ነው። መደበኛው ዲሽ በሥራ ላይ ከ75 እስከ 100 ዋት ይወስዳል፤ ሚኒው ከ25 እስከ 40 ዋት ይበቃዋል። ይህን ወደ ባትሪ ስንለውጠው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገበያ ላይ የሚገኘው የ12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ቶሎ እንዳይሞት ከተፈለገ ግን ከግማሹ በላይ ማውጣት አይመከርም። በቀረው 600 ዋት-ሰዓት መደበኛው ዲሽ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ሚኒው ከ15 እስከ 24 ሰዓት ይሠራል። አንዱ ሌሊቱን ያድራል፣ ሌላው እኩለ ሌሊት ላይ ይተኛል ማለት ነው። ሚኒው ሌላም ብልጫ አለው፤ ከ12 እስከ 48 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚቀበል ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) መሐል አስገብቶ ኃይል ማባከን አያስፈልግም። እዚህ ላይ ግን የገመዱን ነገር ችላ የሚል ሰው ይቸገራል። በ12 ቮልት ረጅምና ቀጭን ሽቦ ከተዘረጋ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርድና ዲሹ በራሱ ጊዜ እየጠፋ እየበራ ይቆያል፤ ሰዉም ጥፋቱን ሳተላይቱ ላይ ያደርጋል። ወፍራም ሽቦ መግዛት ወይም ባትሪውን ወደ ዲሹ ማስጠጋት ነው መፍትሔው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሚኒው ኬንያ ገበያ ሲገባ 27,000 ሽልንግ ነበር፤ ያልተገደበው የመኖሪያ ቤት ጥቅል በወር 6,500 ሽልንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የ50 ጊጋባይት ጥቅል ደግሞ 1,300 ሽልንግ ነበር። ዋጋ ስለሚለዋወጥ ከመግዛት በፊት መተግበሪያው ላይ ማየት ያስፈልጋል። 50 ጊጋባይት ለአንድ ቤተሰብ መልእክትና ጥሪ በቂ ነው፤ ፊልም ከተጀመረ ግን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ለብዙ ሰው አገልግሎት የሚሰጥ ሰው የመኖሪያ ቤት ጥቅል ገዝቶ መቸርቸር እንደማይፈቀድለትና፣ ኢንተርኔት መሸጥም ከኬንያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። ያየሁት ምግብ ቤት የያዘው የንግድ ጥቅል ነው፤ ኢንተርኔቱ ለብቻው አይሸጥም፣ የዕለቱ የዋይፋይ ኮድ ሂሳብ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ኮድ ለሚጠይቅ ጎረምሳ አስተናጋጇ ሳቅ ብላ «ወንድሜ፣ ኮዱ ለበላ ነው» ትለዋለች። ደንበኛ መሳቢያ ከሆነ ወዲህ ሽሮውም ቀደም ብሎ ያልቃል።

ቅሬታዬ በዕቃው ላይ ሳይሆን ዕቃውን ለምግብ ቤቱ ባመጣው አከፋፋይ ላይ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። መሣሪያውን ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይል ስለነበር፣ ምግብ ቤቱ ጥቅሉን ለመቀየር በፈለገ ጊዜ ሁሉ የእሱን ስልክ መጠበቅ ግድ ሆነ፤ የእርዳታ ጥያቄ የሚቀርበውም በመተግበሪያው ውስጥ በባለቤቱ አካውንት በኩል ብቻ ነው። በሰው እጅ የምትገዙ ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃው በራሳችሁ ኢሜይልና ስልክ መመዝገቡን ዓይናችሁ እያየ አረጋግጡ።

ከሞያሌ ማዶ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ዲሹን ከኬንያ ገዝቶ ድንበር ማሻገር የሚያስብ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትንና መጠቀምን በወንጀል ያስቀጣል፤ ዕቃውም ይወረሳል። ስታርሊንክ ራሱም አገልግሎት የሚሰጠው ፈቃድ ባገኘበት አገር ውስጥ ስለሆነ፣ በሕጉ ቢያመልጡ እንኳ የከፈሉበት ዲሽ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል።